የእማዬ መታወቂያ

አባዬ ደውሎ «ሙሉዬ፣ የእናትሽን የሞት ወረቀት እናውጣ፤ እስቲ ነይልኝ» ሲለኝ ቆሽቴ እርር አለ። ለምን እንደፈለገው አውቃለሁ። ሊያገባ ነዋ! የስድሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ፣ እማዬ ከሞተች ገና በሦስት ዓመቷ! የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ደግሞ «የፊተኛዋ ሚስትህ ለመሞቷ ከቀበሌ ማስረጃ ካላመጣህ አናጋባህም» ብለውታል። ቀብሯ ላይ የጸለዩት እነሱው ናቸው፤ ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው አሉ። በሆዴ አመሰገንኳቸው።

ሴትዮዋ ይመኙሻል ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ካለው መንደር የምትኖር ሴት ናት። ክፉ አድርጋብኝ አታውቅም። እማዬ ስትታመም ሁሉ ቆጮ ጋግራ ትመጣ ነበር። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆንልኝማ ምን ነበረበት!

እኔ ዲላ አስተማሪ ነኝ። ቁጡ ነች ይሉኛል፤ ውሸታቸውን አይደለም። በነጋታው በሚኒባስ ይርጋጨፌ ወረድኩና ከዚያ በሞተር ወደ ኮንጋ ወጣሁ። ሰው ለጉዳይ ቢሮ ሲሄድ እንዲቃናለት ነው የሚጸልየው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ መዝጋቢው ስብሰባ ይሂድ፣ ማኅተሙ ይቆለፍበት፣ ነገ ተመለሱ ይበሉን» እያልኩ ነው የደረስኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

ምን ያደርጋል፣ መዝጋቢው ይርጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ማኅተሙም ፊቱ ተቀምጧል። ገና ሲያየን ብድግ ብሎ «ግቡ፣ ግቡ» አለን። ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ባለሥልጣን በሻማ ተፈልጎም አይገኝ!

አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ የእድሩን ደብዳቤ አጥፎ ይዞ፣ ሁለት ምስክሮች አስከትሎ ነው የመጣው። ይርጋ ነገሩን አስረዳን፤ ሞት በሠላሳ ቀን ውስጥ መነገር ነበረበት፣ ካለፈ ግን የእድር ደብዳቤና ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሮቹ «አዎ፣ ማንጠግቦሽ ሞታለች፣ እኛው ቀብረናታል» ብለው ፈረሙና ቡና ለቀማ ነው ብለው ቶሎ ወጡ። የእናቴ ስም ከ«ሞታለች» ጋር እንዲያ በቀላሉ ሲነገር ስሰማ ሆድ ባሰኝ።

«የሟች መታወቂያስ?» አለ ይርጋ። «እሱ ካልተመለሰ መዝገቡን መዝጋት አልችልም።»

አባዬ ጣራውን አየ። «ጠፋ» አለ።

አባዬ ውሸት አይሆንለትም፤ ጆሮው ይቀላል። ያኔም ቀላ። እኔ ግን ምን ቸገረኝ፤ መታወቂያ ከጠፋ ከፖሊስ ደብዳቤ ማምጣት ነው፣ ሳምንት ይፈጃል። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ይርጋ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሽ ፈለቀ፣ ያኔም እኮ ጠፋ ነበር ያሉኝ።»

«ያኔ መቼ?» አልኩት።

«እናትሽ ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት ነዋ። ሰው ሞት ለማስመዝገብ አይቸኩልም፤ አባትሽ ግን ቀድመው ነው የመጡት። መታወቂያቸውን ያምጡ ስላቸው ጠፋ ብለው ሄዱ። ከዚያም ሁለት ጊዜ መጥተው እዚህ በር ላይ ቆመው ቆመው ተመልሰዋል።»

አባዬን አየሁት። ተነስቶ ወጣ። ተከተልኩት።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የተጠቀለለች ፌስታል አወጣና ፈታት። የእማዬ መታወቂያ ነው። ጠርዙ ተልጧል፤ እሷ ግን አለች፣ ፀጉሯን ከመሃል ከፍላ፣ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ።

«ሌላ ፊቷ የለኝም» አለኝ።

እውነቱን ነው። እማዬ ፎቶ የሚባል ነገር አትወድም ነበር። የተመረቅኩ ቀን እንኳ ካሜራው ሲዞርባት እጇን ፊቷ ላይ ያደረገች ሴት ናት። ይህችንም የተነሳችው መታወቂያ ግድ ሆኖባት ነው።

«ካስረከብኳት ይበሷታል» አለ አባዬ። «አይቻለሁ። የጎረቤታችንን መታወቂያ ሲመልሱ ግንባሩ ላይ ነው የበሱት።»

«ኮፒ አታስደርግም ነበር?»

«ይርጋጨፌ ወስጄ አስደረግሁ። ማሽኑ አጠቆራት። ዓይኗ አይታይም። ዓይኗ ከሌለ ምኑን እሷ ሆነች?»

«እና ለምን አትነግረኝም? ይሄ ስልኬ ለምንድነው ታዲያ! በሁለት ደቂቃ እኮ ነው አባዬ! ሦስት ዓመት ሙሉ!» ጮህኩበት። ይርጋም በመስኮት ብቅ ብሎ አየንና ተመለሰ።

አባዬ ጫማውን እያየ «ትቆጪያለሽ ልጄ» አለኝ። «ስሟ ሲነሳ ትቆጪያለሽ። ፈራሁሽ።»

አልዋሸም። ልብሷን ለዘመድ ሲሰጥ ጮኼበታለሁ። እንዲህ ትል ነበር እኮ ብሎ ወሬ ሲጀምር «በቃ ተወው» ብዬ ተነስቻለሁ። አልቅሼ ከማልወጣው ሐዘን ቁጣው ይሻለኛል ብዬ ነው። አባቴ የእናቴን ፊት በፌስታል ጠቅልሎ ሦስት ዓመት በደረቱ ሲይዝ፣ አንድ ልጁ እያለሁለት፣ ብቻውን ነበር።

«ይቅር ሙሉዬ፣ እንሂድ» አለና ፌስታሉን መልሶ ይጠቀልል ጀመር። «ይመኙሻል ትረዳኛለች። ብቻዬን እኖራለሁ፣ ምን አለ።»

ይኸው የጸለይኩት ሊሆንልኝ ነው። ዝም ብል ያበቃል። ብቻውን እቤት ገብቶ፣ ብቻውን እሳት አያይዞ፣ ብቻውን ቆጮ ሲቆርስ ታየኝ። ደስታ የለ ምን የለ፤ በራሴ አፈርኩ።

«አምጣ» አልኩት።

ፕላስቲኩ ፀሐይ እያንጸባረቀ አስቸገረኝ። በሻርፔ ጥላ ሠርቼ አነሳኋት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ከዚያ በጣቶቼ ከፈት አድርጌ አሳየሁት። የስልኩን መስታወት ሞላችው።

አባዬ አንገቱን አስግጎ አያት አያትና ቅንድቧ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺን ጠባሳ አየሽ? እኔ ነኝ። ሳንጋባ፣ ቡና ስንለቅም፣ ቅርንጫፍ ጎትቼ ለቀቅኩባት። ዓይኗን ያጠፋሁ መስሎኝ እኔ ሳለቅስ እሷ ትስቅብኛለች!» ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል ሳልል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባዬ ጋር ለእናቴ አለቀስኩ።

መታወቂያውን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ፤ የእሱ እጅ እንቢ አለው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ወንድሜ፣ እባክህ ፊቷን እንዳትነካብኝ» አልኩት። ይርጋ መብሻውን አንስቶ ፎቶው በሌለበት ጠርዝ፣ ዳር ላይ በሳት። ከዚያ ቅጹን ሳብ አድርጎ «ለሟች ምናቸው ነሽ?» አለኝ።

«ልጇ ነኝ።»

ጻፈ። ፈረምኩ። አባዬም ገብቶ ፈረመ። ማኅተሙ ሲመታ ሁለታችንም ደነገጥን።

ውጭ ስንወጣ «ለይመኙሻል ደውይላት፣ የእኔ ካርድ አልቋል» አለኝ፣ ፈራ ተባ እያለ። ደውዬላት አላውቅም። ቁጥሩን ከእሱ ስልክ አይቼ ደወልኩ። አነሳች።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ሙሉዓለም ነኝ። ወረቀቱ ወጥቷል» አልኳት።

እልል ትላለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነበር። እልልታው ሲቀር መልሼ አስጠጋሁት።

«ፎቶዋስ ልጄ?» አለችኝ በቀስታ። «ወሰዱባችሁ?»

እንባዬ እንደገና ግጥም አለ። የሠርጓን ነገር ረስታ የእናቴን ፊት የምትጠይቀኝ ሴት!

«አልወሰዱም» አልኳት። «እኔ ጋ አለች። ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ እሁድ ይዣት እመጣለሁ። ሳሎኑ ላይ የምትሰቀልበትን ቦታ አንቺ ምረጪላት።»