ጀበል ኩጁር የወጣው ካርቶን

ከቢር ነርሷ ሲድራ ስትመጣ አይቶ የካርቶን ማራገቢያውን አፋጠነው። እጁ ላይ ያሰሩለት ሰዓት መሳይ ነገር ውዝዋዜውን ሁሉ እርምጃ ብሎ ይቆጥራል። ይህን የደረሰበት ትናንት፣ የጁባ ሙቀት ሊቀቅለው ሲል ነው። የቡአ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሦስት ቀኑ፤ እስካሁን ከሽንት ቤት አላለፈም።

"አራት ሺህ አንድ መቶ!" አለች ሲድራ ቁጥሩን ስልኳ ላይ አይታ። "ጋሼ፣ የት ደርሰው መጡ?"

"ጀበል ኩጁር ወጥቼ ወረድኩ። አናቱ ላይ ያገኘሁት ዝንጀሮ ሰላም ብሎሻል።"

ሲድራ ሳቀች። "ዶክተሩ አራት ሺህ ካለፉ ዛሬ ይውጡ ብሏል። የደም ማቅጠኛ መርፌውም ይቁም፤ የሚራመድ ሰው ደሙ አይረጋም አለ። ወረቀቱን ላምጣ።"

ከቢር ተነፈሰ። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሀይ ጀላባ ሰፈር የሴት ልጁ የጀንነት ኒካህ ይታሰራል። ወሊዋ፣ ቃል ሰጥቶ የሚድራት፣ እሱ ነው።

ሚስቱ ዓፊፋ አዲሱን ጫማ ልታደርግለት ጎንበስ አለች። ቀኙ ገባ። ግራው እምቢ አለ።

"ጠቦ ነው፤ ዝናብ መትቶት ነበር።"

"ቀኙን ዝናቡ ዘሎት ነው?" አንሶላውን ገለጠችው። ግራ ባቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ስትነካው ጥርሱን ነከሰ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከማለዳ። ዝም በይ፣ ከሰሙ ያስቀሩኛል!"

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ኒካህና ለቅሶ ባንድ ቀን ታድርግ?"

ከቢር አንሶላውን መልሶ እግሩ ላይ ሳበ። ውሸት ጠፍቶበት አያውቅም ነበር።

ሲድራ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች። "እዚህ ጋ ይፈርሙ። ከላስ፣ በቃ፣ ወደ ቤት!"

እስክሪብቶውን ተቀበለ። እጁ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ማራገቢያውን አቀበላት።

"ጀበል ኩጁር የወጣው ይሄ ነው፣ ልጄ። እኔ ከአልጋ አልወረድኩም። እግሬን እዪልኝ።"

ሲድራ ባቱን አይታ ፊቷ ተለወጠ። "እንዳይነሱ!" ብላ ዶክተሩን ልትጠራ ሮጠች።

ከቢር ለወንድሙ ደወለ። "ሺፋ፣ ለኒካሁ ወክዬሃለሁ። በእኔ ቦታ አንተ ተቀመጥ።"

"ለጀንነት ምን ልበላት?"

"እውነቱን። ተረቱን ስድን እኔ አወራታለሁ።"