ጫማ አስጥል

የአምቡላንስ ጣቢያው ስልክ ተቀባይ ሰፈሮቹን ሁሉ በጆሮዋ ነበር የምታውቃቸው። አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ደውላ፣ «ባሌ አፉ ተጣሞ ወደቀ! ጫማ አስጥል ነን፣ ድረሱልን!» ብላ ጮኸች።

ስልክ ተቀባይዋ ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ ብትጽፈው የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ካርታውን ሲያድስ ሰፈሩን «ብሩህ ተስፋ» ብሎታል፤ ስልኩ የተደወለበትን ቦታም ኮምፒውተሩ በዚሁ ስም አሳያት። እሷም ይህንኑ ለሾፌሩ ነገረችው። እሱ ግን ብሩህ ተስፋ ሲባል የሚያውቀው ከከተማው ማዶ ያሉትን አዳዲስ ፎቆች ነበርና ወደዚያው ከነፈ። ዞሮ ሲደርስ አርባ ደቂቃ አልፏል። ሰውየው ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው።

ስልክ ተቀባይዋ በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ማዘጋጃ ቤት ገባች።

«እህቴ፣» አላት የካርታ ክፍሉ ኃላፊ፣ «ድሮ ጭቃው የሰው ጫማ ይነጥቅ ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው። እንዲህ ያለ ስም አያሳፍርም?»

«ሰው ሲጨንቀው የሚጠራው ያንኑ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የነዋሪውን ፊርማ ይዘሽ ነይ።»

መጀመሪያ ያንኳኳችው የታማሚውን ቤት ነበር። ሚስትየው ወረቀቱን አይታ መለሰችላት።

«ልጄ ሥራ ስትጠይቅ አድራሻዋን እያዩ ይስቁባታል። አዲሱ ይሻለናል።»

ስልክ ተቀባይዋ ልትወጣ ብላ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ያን ቀን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የነገሩኝን ስም ካርታው ላይ አጥቼ አምቡላንሱን የትም የሰደድኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አነሳች። «ብቻሽን ማን በር ይከፍትልሻል? ነይ፣ እኔ ልምራሽ።»

ሦስት እሑድ ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋ፣ የሚበዛው ግን ፈረመ። ኃላፊው አራት መቶ ፊርማ ሲቆለልበት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፤ ከዚያ የድሮውን ስም በገዛ እጁ ካርታው ላይ መለሰ።

የሴትየዋ ልጅ አልፈረመችም፤ እናቷንም ሳምንት አኮረፈቻት።

«ታኩርፍ፣» አለች እናትየው ለስልክ ተቀባይዋ። «አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነው የምታኮርፈው።»