አራሷን ነብር መሸኘት

ሰፈሩ ከኋላዋ "ግትሯ" ይላታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በፍየሎቿ ነው። ሰባቱን ነብር በላባት፣ አራት ቀሯት። እነሱም ካለቁ ያላት ምርጫ የወንድሟ ሚስት ቤት መግባት ብቻ ነው። የወንድሟን ሚስት ምላስ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ነብሩ ይሻላል ይላል።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ ወጥመድ ይዞ መጥቶ "ይዘን ሩቅ ጫካ እንለቀዋለን" ሲላት፣ ማባበያ የምትሆነውን ፍየል ራሷ ጎትታ ሰጠችው። ወጥመዱ ሁለት ክፍል ያለው የብረት ሳጥን ነው፤ በአንዱ ፍየሏ ታስራ ትጮሃለች፣ በሌላው ነብር ይገባል። መሃላቸው ፍርግርግ አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነብሯ ገባች። ሐኪሙ በማደንዘዣ መርፌ አስተኛት፣ ሳጥኑንም ስድስት ሰው ፒካፑ ላይ ጫነው። ግትሯ ፍየሏን ፈትታ ስታወጣ በፍርግርጉ አጮልቃ አየች።

"ዶክተር፣ ይቺ እኮ አራስ ናት። ጡቷን እየው።"

"እማማ፣ ዞር ይበሉልኝ። ሳትነቃ መንገድ መጀመር አለብን።"

"ልጆቿን ትተህ ብትወስዳት አንተ ቤትህ ሳትገባ እሷ እዚህ ናት። ፍየል እንኳ ከግልገሏ ሲለዩዋት ገመድ በጥሳ ትመጣለች።"

ሐኪሙ ግንባሩን ጠረገ። "የት እንዳሉ በምን እናውቃለን?"

እሷ ግን ገብቷታል። ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ሳሩ ጉልበት ደርሶ ሳለ፣ ፍየሎቿ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደዚያ አንሄድም ብለው አስቸግረዋታል። እሷ ደግሞ ጥጋብ ነው እያለች ስትሰድባቸው ከርማለች።

ይህን ስትነግራቸው ፒካፑ ወደ ፋብሪካው ተነዳ። የነብር ግልገሎቹ ድምፅ የሚሰማበት የጡብ መተኮሻ ምድጃ አፉ ጠባብ ነው። ሐኪሙን ቦርጩ አላስገባው አለ፤ ሾፌሩ ደግሞ መኪና መጠበቅ ግዴታው እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ግትሯ የሐኪሙን ጓንት ተቀብላ በደረቷ እየተሳበች ገባች። አንድ ግልገል አቀበለች፣ ሁለተኛውንም።

"ጭንቅላቷን ማንሳት ጀምራለች!" አለ ሾፌሩ።

"በቃ እማማ፣ ይውጡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ነው የሚወልዱት።"

"ሦስት ጡቷ ነው የተጠባው።"

"አንዱ ቢቀርስ?"

"ለአንዱም ትመለሳለች፣ ልጄ" አለችና ተመልሳ ገባች።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ተለጥፎ ነበር። እጅጌዋን ነክሶ አልለቅም ሲል ከነእጅጌዋ ጎትታ አወጣችው። ግልገሎቹን ፍየሏ በነበረችበት ክፍል ከተቷቸው፤ እናትየው በፍርግርጉ አሸተተቻቸው፣ መኪናውም አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ግትሯ ቤቷ ስትደርስ የወንድሟ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ወሬው ቀድሟታል። "ሰባት ፍየል ለበላችብሽ አራስ ጥየቃ ሄድሽ አሉ።"

"ጠይቄ ሸኘኋት" አለች ግትሯ፣ ጥላሸቱን ከቀሚሷ እያራገፈች። "ከነልጆቿ። እዚህ የሚመልሳት አንድም ነገር አላስቀረሁላትም።"