ባዶ መኪና አይለካም

«ይሸጣል አልኩሽ፣ ይሸጣል። ሰውዬው መጥቶ ሻይ እየጠጣ ነው።»

«ሻዩን ጠጥቶ ይሂዳ። ሻይ የጠጣ ሁሉ መኪና ይገዛል እንዴ?»

ሰዓዲያ ይህን የመለሰችው ከጉርድ ሾላው ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ሆና ቀና ብላ ነው። ታላቅ ወንድሟ አብዱልናስር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ ግራሶ እንዳይነካው ሱሪውን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይዟል። አባታቸው የተዉላቸው አሮጌ ላንድክሩዘር በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማዎቹ እንደ ተሰቀለ በግ እግር ቁልቁል ተንጠልጥለዋል።

«አባባ ቢኖሩ ይሄን አይፈቅዱም ነበር» አለ አብዱልናስር።

«አባባ ቢኖሩ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከእኔ ጋር ነበሩ።»

አባታቸው ዕድሜያቸውን ከደሴ አሰብ በከባድ መኪና ሲመላለሱ የፈጁ ሰው ነበሩ። ወንዱ ልጃቸው ኦሎምፒያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፤ መሪው ለሴቷ ደረሳት። ሰዓዲያ ታክሲዎች ፊታቸውን ከሚያዞሩበት፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ከአያት ወዲያ ወዳሉት ዳገታማ መንደሮች ሰውና ጓዝ ታመላልሳለች። ክረምት በገባ ቁጥር ድንጋዩ የመኪናውን ሆድ እየፋቀ ሲያስቸግራት፣ መካኒኩን ዋቅቶላን ባሌስትራውን አስቀይራ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥማ መኪናውን ከፍ አስደረገችው። ተሳፋሪዎቿም በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሰው እየተደጋገፉ ይወጡበት ጀመር።

መኪናው ከፍ ሲል ግን ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮ ተነስቶ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ አብሮ አልረዘመም። ተወጥሮና ተንጋዶ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተና ባለፈው ሳምንት ዳገቱ መሐል ላይ ከመያዣው ወጣ። መኪናው ከነሰዉ ወደ ኋላ ተንሸራቶ አንድ ቋጥኝ ባይዘው ኖሮ ገደሉ ሩቅ አልነበረም። የተጎዳ የለም። አብዱልናስር ግን ወሬውን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ገዢ ፈለገ። ስንት ተጨቃጭቀው በመጨረሻ የተስማሙት በዚህ ነበር፦ አዲስ ዘንግ ይገጠም፤ መኪናው ዛሬ ሰው ሞልቶ ያንን ዳገት ከወጣ የሰዓዲያ ይሆናል፤ ካልወጣ ሻይ የሚጠጡት ገዢ፣ አቶ ገብረሰንበት ይወስዱታል።

አብዱልናስር ደግሞ ክፉ ወንድም አልነበረም። ከፍ ላሉ መኪናዎች ተብለው ውጭ አገር የተሠሩ ሁለት ዘንጎችን፣ የማይሆነውን እንደሚመልስ ተስማምቶ፣ ከሱቅ ጎረቤቱ ከመለዋወጫ ነጋዴው ያመጣው ራሱ ነው። አንዱ ረጅም ነው፤ ቀይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሌላው አጠር ያለና የደበዘዘ ሆኖ፣ በካምቢዮ በኩል ያለው ጫፉ ላይ ክሮቼራው፣ ማለትም እንደ ጉልበት የሚተጣጠፈው መገጣጠሚያ፣ አንድ መሆኑ ቀርቶ ድርብ ነው።

ዋቅቶላ በጋራዡ ወግ መኪናውን እንደተንጠለጠለ ለካው። ቀዩ ሲገጠም ልክክ አለ።

«ለዚህ መኪና የተወለደ ነው፤ ጌታ ይመስገን» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ያቺኛዋ ታጥራለች። ያስቸገረሽስ የድሮው ማጠር አይደል?»

«በቃ ቀዩ ይሁን» አለ አብዱልናስር። «ይምሽና ደግሞ ሰበብ አግኚ።»

ሰዓዲያ ቀዩን ዘንግ በመዳፏ ዳበሰችው። ዘንጉ አንዱ ብረት በሌላው እጅጌ ውስጥ እየገባና እየወጣ እንደ መንገዱ የሚረዝምና የሚያጥር ነው። እጅጌው ላይ ጣቷን አሳርፋ ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ዋቅቶላ፣ መኪናው መሬት ሲረግጥም ልኩ ይኸው ነው?»

«ትንሽ ቁጭ ይላል።»

«ሰው ሲጫንበትስ?»

ዋቅቶላ እጁን መጥረጉን ተወ።

አባቷ ከባድ መኪናቸውን ሳያስጭኑ አንዲት ብሎን አያጠብቁም ነበር። ባዶ መኪና ውሸታም ነው፣ እውነቱን የሚያወጣው ሸክም ሲወድቅበት ነው ይሉ ነበር። ሰዓዲያ ከጉድጓዱ ወጥታ ክሪኮቹን አስወረደችና ወደ በሩ ሄደች። ቅዳሜ ነው። ከሾላ ገበያ የተመለሱ ደንበኞቿ ከግንቡ ሥር በየጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

«ኑ፣ ግቡ። ግን አንሄድም።»

«ካልሄድን ምን ልናደርግ ነው የምንገባው?» አሉ እማማ ገንዘቤ፣ ከሁሉም ገዘፍ ያሉት አሮጊት።

«ልትከብዱልኝ።»

«እሱንስ እናውቅበታለን» አሉና መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ሆኑ። ሀጀር ከነሽንኩርት ጆንያዋ ተከተለች፤ ጤፍም ዶሮም ገባ። ባሌስትራው እየተንቋቋ ተኛ።

ሰዓዲያና ዋቅቶላ ጉድጓድ ወርደው ተያዩ። ቀዩ ዘንግ እጅጌው ውስጥ እስከ ጥጉ ገብቷል፤ ጣት ቀርቶ ጥፍር የሚያስገባ ቦታ አልቀረም። መኪናው አንድ ጎድጓዳ ቢገባ ዘንጉ መሸሻ አጥቶ ካምቢዮውን ነው የሚመታው።

«እንደ ሽንብራ ይከካው ነበር» አለ ዋቅቶላ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሳቀ። «የተንጠለጠለ ስለካ ነው እኮ የኖርኩት። ሰው በእግር ጣቱ ጫፍ አስቁሞ ሱሪ እንደ መለካት።»

አብዱልናስር ለማየት ጎንበስ አለ። ሱሪው ግራሶው ላይ ተዘፈዘፈ፤ አላስተዋለውም።

ሰዉ ወረደ፣ መኪናው ተነሣ፣ አጭሩ ተገጠመ። ተንጠልጥሎ ሳለ እንኳ እጅጌው አንድ መዳፍ ያህል ይዞታል፤ አይወጣም። ሰዉ እንደገና ተጫነ። አሁን የቀረው ባዶ ቦታ አራት ጣት ያስገባል፤ ድርቡ ክሮቼራም ሳይጨነቅ ታጥፏል።

«ግቡ፣ ውጡ፣ ግቡ» አሉ እማማ ገንዘቤ ከላይ። «እኛንም ክሪክ አደረጋችሁን።»

«አብሽሩ እማማ፣ አሁን እንሄዳለን» አለች ሰዓዲያ። ከሁለቱ ዘንጎች የመረጠችው አጭሩን ነበር፤ ማንም አልተከራከራትም።

አብዱልናስር ከፊት ተቀመጠ። አቶ ገብረሰንበት ሻያቸውን ጨርሰው በነጭ ፔጇቸው ተከተሉ። የሳሊተ ምሕረትን መታጠፊያ አለፉ፣ አያት ደረሱ፣ አስፋልቱ አለቀ። ፔጆዋ እዚያው ዳገቱ ግርጌ ቆመች።

ያ ቋጥኝ ጋ ሲደርሱ የመኪናው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ገደሉ አሰገገ። መንገዱ ከሌሊቱ ዝናብ አልደረቀም። ሰዓዲያ ማርሽ ቀነሰች። ጆሮዋን የጣለችው ያንን የታወቀ ንቅጥቅጥ ለመስማት ነበር፤ እግሯ ሥር ጠበቀችው፣ መሪው ላይ ጠበቀችው። የለም። ሞተሩ ብቻ በወፍራም ድምፁ ያጉረመርማል። የኋላ ጎማ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መኪናው እስከ ወገቡ ተኛ፤ አብዱልናስር መያዣውን ጨብጦ «ቢስሚላህ» አለ። ዘንጉ እጅጌው ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ጎማው ድንጋዩን ነክሶ ወጣው። ቋጥኙ በመስኮቱ በኩል አለፈ። ከዚያ ሰማዩ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ቀጥሎ ሜዳው፣ ቀጥሎ የመንደሩ ቆርቆሮዎች።

እማማ ገንዘቤ እልል አሉ። ሀጀር እጇን እያጨበጨበች ሾፌሯን መረቀች። ሰዓዲያ ሞተሩን አጥፍታ መሪው ላይ ግንባሯን አሳረፈች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ወንድሟ ያለቀሰች መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር።

«አባባ እንዲህ አይነዱም ነበር» አለ።

«አባባ ቀርፋፋ ነበሩ።»

እሱም ሳቀ፤ ሱሪውንም ያኔ ገና አየው። «ሰዓዲ፣ ነገ ለሱቁ የሚመጣ ጣቃ አለኝ። ታመጪልኛለሽ?»

«ወረፋ ያዝ» አለችው።

ጆንያዎቹ መውረድ ጀመሩ። አንዷ ዶሮ አምልጣ ሰዉ በሳቅ እየተጋጨ ሲያባርራት፣ ዳገቱ ግርጌ ያለችው ነጭ ፔጆ ቀስ ብላ ዞረች፣ አስፋልቱን ያዘች፣ ወደ ከተማው እያነሰች ሄደች። አብዱልናስር የሀጀርን ሽንኩርት ተሸክሞ ቤቷ የቱ እንደሆነ እየጠየቀ ነበር።