ሀፍሷ የወለወለችው የእሳት ብረት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የገመዱ ጥቅል ላይም ቁጭ ማለት ይቻላል፣ ምንም አይሆንም። የጎረቤቴን የሀፍሷን ነገር ላውጋችሁ፤ ይኸው ገና ሳልጀምረው ሳቄ መጣ።

እኔ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገመድና ቃጫ ስሸጥ፣ ሀፍሷ ከጎኔ የወንድሟ የዘከሪያ ሱቅ ውስጥ ነበረች። ዘከሪያ ዘመድ ሊጠይቅ ወሎ ሲሄድ ለአንድ ወር ቁልፉን ሰጣት። «ራስሽ መርጠሽ ያመጣሽው እቃ ከተሸጠ ሱቁን አብረን እንሠራለን። ካልተሸጠ ግን ቁልፌን መልሰሽ ቤት ትገቢያለሽ» አላት። ልጅቷ ደግሞ ከሱቅ ሌላ ሕልም የላትም።

ታዲያ ምን መረጠች መሰላችሁ? አንድ ካርቶን ሙሉ ጥቁር ብረት! እያንዳንዷ የጣት ያህል ናት፤ ትንሽ መፋቂያ በክር ታስሮባታል። ሲፍቋት እሳት ትተፋለች፣ ዝናብ ቢመታትም ግድ የላትም ተባለ። ወሩን ሙሉ አንድም ሰው አልገዛት። «ክብሪት ጠፋ እንዴ?» ብለው እየሳቁ ያልፋሉ።

ዘከሪያ በሚመለስበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ዘውገ የሚባል ጎልማሳ መጣ። ሥራው ሰው ተራራ ወስዶ ድንኳን ውስጥ ማሳደር ነው። «ክብሪት እየራሰብኝ ተቸግሬያለሁ። በዚች እዚሁ እሳት አንድጂልኝና ካርቶኑን እንዳለ እወስዳለሁ» አላት።

መርካቶ መሐል እሳት! ተራው በአንድ እግሩ ቆመ። የበርሜል ክዳን መሬት ላይ ተነጠፈ፣ ሦስት ባልዲ ውሃ ተደረደረ። ሀፍሷ ቁራጭ ካርቶን ክዳኑ ላይ አድርጋ ተንበረከከች። ፋቀች። ምንም። ደግማ ፋቀች። ምንም።

«ሀፍሷ፣ ካሮት ነው እንዴ የምትልጪው?» አለ አንድ ተሸካሚ።

«ዞር በሉ፣ ባልዲው እንዳይቃጠል!» አለ ሌላው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ይሄኔ ዘከሪያ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ከች አለ። የሆነውን ነገሩት። እጁን ዘረጋ፤ «በይ ቁልፌን።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም አላስቻለኝ፣ ብረቷን ልያት ብዬ ስቀበላት ከእጄ ሙልጭ ብላ ወደቀች።

«ልጄ፣ ምን ቀብተሻታል?»

«ቫዝሊን ነው፣ እማማ ጤናዬ። እንዲያብረቀርቁልኝ በየጠዋቱ እወለውላቸዋለሁ።»

«ደግሞስ ይሄ መፋቅ ነው? እየዳበስሻት እኮ ነው! ጥቁሩን ቀለም አንሺውና ብረቱን አግኚው።»

«እንዳትጫር ብዬ ነዋ!»

ምን ታድርግ፣ የኛው ልጅ ናት! እኛ የሶፋ ላስቲክ ሳንልጥ ዓመት የምንቀመጥ ሰዎች አይደለንም እንዴ? ዘከሪያም ቁልፉን ረስቶ ጮኸ፤ «ኧረ እንዳትነኪያት! የተጫረ እቃ ማን ይገዛል?»

ሀፍሷ አየችው። ብረቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ቢስሚላሂ ብላ መፋቂያውን ጫን አድርጋ ሳበችው። ቀለሙ ተልጦ ነጭ ብረት ብቅ አለ። ደግማ ስትስበው ቅሽሽሽ! የእሳት ፍንጣሪ እንደ ጉድ ተረጨ። ሰዉ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ያ «ካሮት ነው እንዴ» ያላት ተሸካሚ ባልዲውን ጫማው ላይ ደፋው።

ፍንጣሪው ግን ቁራጩ ካርቶን ላይ ሲያርፍ ጠፋ። እኔ ወደ ሱቄ ሮጥኩ፤ አዎ፣ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ! ከደረቀ ቃጫ እፍኝ ዘግኜ፣ በመዳፌ ፈትጌ አሳስቼ፣ የወፍ ጎጆ አስመስዬ ክዳኑ ላይ አኖርኩላት። ሀፍሷ ፋቀች። አንዷ ፍንጣሪ ቃጫው ውስጥ ገብታ ቀላች። ዘውገ በሆዱ ተኝቶ እፍ፣ እፍ አለ፤ ቦግ! የጣውላ ስንጣሪ ሲጨምርበት እሳቱ ተንቀለቀለ። እኔ እልል አልኩ፣ ተራው እልል አለ።

«ጫኑልኝ ካርቶኑን! ቃጫም ጨምሩበት!» አለ ዘውገ፣ አፍንጫው ጥላሸት መስሎ።

ዘከሪያ ግን ካርቶኑን አልለቅ አለ። «ቆይ፣ አንዴ ልሞክር» አለና ቁጭ ብሎ ፋቀ። ፍንጣሪው ሲረጭ እንደ ሕፃን ተንከተከተ። አንድ ልጦ ሌላ፣ ሌላ ልጦ ሌላ።

«ቁልፉስ፣ ዘኪ?» አለችው ሀፍሷ ፈራ ተባ እያለች።

«የምን ቁልፍ? አንቺው ያዢው! ዝም ብለሽ ሌላ ስጪኝ!»

ልጆቼ፣ ይቺን ልጅ አደራ አስታውሱልኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሳቀባት፣ ወንድሟ እጁን ዘርግቶባት፣ አንዴ ጫን አድርጋ የሳበችውን ሀፍሷን።