በኤግዚቢትነት የተያዘው ጀሪካን

በኤግዚቢትነት የተያዘው ባዶ ጀሪካን መፍሰስ የጀመረው ቃለ መሐላ ፈጽሜ እንደጨረስኩ ነው። ክዳኑ ላይ የፖሊስ ማኅተም ነበረበት፤ ማኅተሙም አልተነካም።

ተከሳሹ ይልቃል የጎረቤቴ ልጅ ነው። የእህል መጋዘን አቃጥለሃል ተብሎ ነው የቆመው። የቃጠሎው ዕለት ያንን ጀሪካን ይዞ ወደ መጋዘኑ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። የያዘው ቤንዚን ከሆነ ጎልማሳ ሆኖ ገብቶ ሽማግሌ ሆኖ ይወጣል፤ ውሃ ከሆነ ዛሬ ምሳውን ቤቱ ይበላል።

«ምን ይዞ ነበር?» አለኝ ጠበቃው።

«ውሃ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። ምስክሩ ያየው ጀሪካን እንጂ ውሃ እንዳልሆነ፣ ውሃ ነው ማለትም የግል አስተያየት መሆኑን፣ ለዚህ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ዳኛዋ ተቀበሉት። ከእኔ በፊት የቀረበው ሳጅን ግን ይልቃል ቃጠሎ የለመደ ሰው መሆኑን ከአረማመዱ እንዳወቀ ተናግሮ ተመዝግቦለታል። እሱ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። እኔ ሰባ ዓመት ውሃ ከመጠጣት በቀር ሌላ ሥልጠና የለኝም።

በዚህ መሀል የፈሰሰው ጉልበታችን ጋ ደረሰ። ጀሪካኑ የሚይዘው ሃያ ሊትር ነው። ዕቃ ስለካ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እስካሁን ስንት በርሜል እንደወጣው ገመትኩ። ግምቴን ግን ለራሴ ያዝኩት።

«አባት፣ ያዩትንና የተሰማዎትን ብቻ ይናገሩ» አሉ ዳኛዋ፣ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው።

«ካልሲዬ ረጥቧል።»

«ረጠበ ማለት ድምዳሜ ነው» አለ ዐቃቤ ሕጉ፤ መዝገቡን አናቱ ላይ ተሸክሟል።

«እንግዲያው ካልሲዬ እንደ ቅድሙ አይደለም።»

ይህ ተመዘገበ።

ይልቃል ከቆመበት ጠራኝ። «ጋሽ ድንበሩ፣ በሞቴ ይቅመሱት።»

በመዳፌ ጨልፌ ጠጣሁ። ዳኛዋ ጣዕሙን ጠየቁኝ። ምንም ጣዕም የለውም አልኩ። ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ ቆማ «ምስክሩ ምንም አልቀመሰም» ብላ ጻፈች።

ፍርዱ ወዲያው ተነበበ። ዳኛዋ «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ አገጫቸው ጠልቆ ስለነበር ቃሉ በአረፋ ወጣ። ሁለት ፖሊሶች ይልቃልን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ በሩ ወሰዱት። የሦስቱም እግር መሬት አልነካም። ካቴናው ግን ከባድ ስለሆነ ይልቃልን ወደ ታች ጎተተው።

ከሥር ቀና ብሎ አየኝና አፉን ከፈተ። ትንንሽ አረፋዎች ተራ በተራ ወደ ጣሪያው ወጡ። እኔም አምፖሉ አጠገብ ተንሳፍፌ፣ መውጣት እስኪያቆሙ ድረስ ቆጠርኳቸው።