እንቢ ያለው የደረጃ በር

ለአረጋውያን መኖሪያ የተሠራው ሕንፃ የምረቃው ቀን ተቆርጦለት፣ የጥሪ ካርዱም ተበትኗል። የቀረው የእሳት አደጋ መከላከያዎቹን ሁሉ ባንድ ላይ መፈተን ብቻ ነው። ፈተናውን የምታስተባብረው መሐንዲስ ግን መከራዋን ታያለች። ደወሉን የገጠመው ባለሙያ «የኔ ይሠራል» ይላታል፤ ማራገቢያውን የገጠሙትም ሽማግሌ «የኔ ይሠራል» ይሏታል። ሁለቱ በአንድ መሰላል ሰበብ ተጣልተው ሆድና ጀርባ ከሆኑ ወዲህ፣ መልእክት እንኳ የሚለዋወጡት በእሷ በኩል ነው።

«ጋሼ፣ እሳት እኮ ተራ አይጠብቅም፤ ሁላችሁንም ባንዴ ነው የሚጠይቃችሁ» ብላ ሽማግሌውን ለመነቻቸው። አብረው ለመፈተን በግድ እሺ አሉ።

በፈተናው ቀን ላይኛው ፎቅ ላይ የሙከራ ጭስ ተለቀቀ። ደወሉ አምባረቀ። ሊፍቱ ማንንም ሳይጭን ታች ወርዶ በሩን ከፍቶ ቆመ። ማራገቢያውም ጭስ ወደ ደረጃው እንዳይገባ ንጹሕ አየር ይነፋ ጀመር። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አጨበጨበ።

«በቃ ፈርሚልን፣ እንገላገል!»

የመሐንዲሷ እናት እዚያው ፎቅ ላይ የደረሳቸውን ክፍል ሊያዩ መጥተው ነበር። ደወሉን ሲሰሙ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ወደ ደረጃው ሄደው በሩን ገፉት። በትከሻቸውም ሞከሩት። ወይ ፍንክች!

«ልጄ፣ ቆልፋችሁታል እንዴ?»

ሮጣ ደረሰች። አልተቆለፈም። ባለ በሌለ ኃይሏ ስትገፋው ተከፈተና ነፋሱ ፊቷን መታት። ያኔ ክው አለች፤ ማራገቢያው ደረጃው ውስጥ አየሩን ከልክ በላይ አጭቆ፣ በሩን ከወዲያ በኩል ይዞታል። ማራገቢያው ለብቻው ሲሞከር ጉልበተኞቹ ሠራተኞች በሩን እየገፈተሩ ስለሚያልፉ ማንም ልብ አላለውም።

«አልፈርምም» አለች።

«እንግዳ ተጠርቷል እኮ!»

«እንግዳውማ ጠጥቶ ይሄዳል። እዚህ የሚያድሩት እነ እማዬ ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ አሮጊቷን አየ፤ በሩን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ምረቃውን ሊያራዝም ወጣ።

ሁለቱ ባለሙያዎች ግን መወነጃጀል ጀመሩ። እናትየው ጣልቃ ገቡ።

«እናንተ ስትኮራረፉ የምጠበሰው እኔ ነኝ?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ። ባለ ደወሉም ተከተላቸው። አንዱ ደወሉን እያስጮኸ፣ ሽማግሌው የማራገቢያውን ፍጥነት እየቀነሱ፣ ጭሱ የማይገባበትን፣ በሩ ግን እሺ የሚልበትን ልክ እስኪያገኙ ከሰዓቱን ሙሉ አብረው ለፉ። መሐንዲሷም መብራቱን አስጠፍታ፣ በጄኔሬተር ጭምር ሁሉንም ከሀ ጀምራ ደገመችው።

እናቷ በሩን ባንድ እጃቸው ገፉት። ወለል አለ።

የመሐንዲሷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ እንባና ሳቅ ተቀላቀለባት።

«ደወላችሁ ግን ጆሮ ያደነቁራል» አሉ እናትየው ቁልቁል እየወረዱ።

«ምን ላድርግ እማማ፣ ሥራው ነው!» አለ ባለ ደወሉ፣ ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ።